የድርብርብ ድንጋይ ጥንካሬ በመመርመሪያ ቤት እንዴት እንደሚለካ

ድንጋይ ከእንጨትና ከጭቃ ይልቅ የጸና መሆኑን የማያውቅ ሰው የለም። ስለዚህ ቤት የሚሠራ ሰው መሠረቱ ድንጋይ ላይ ሲያርፍለት ልቡም አብሮ ያርፋል። ዳሩ ግን «ድንጋይ ነው» ማለት ብቻውን ስለ ጽናቱ የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው። በመዶሻ ቢመቱት የማይበገር፥ በውሃ ውስጥ ሲያድር ግን ጭቃ የሚሆን ድንጋይ አለ፤ ከላይ ሲጫኑት ብዙ ሺሕ ኪሎ የሚሸከም፥ በሰያፍ ሲጫኑት ግን በቀላሉ ተንሸራቶ የሚለያይም አለ። ይህ ጠባይ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በንጣፍ በንጣፍ ተደራርቦ በተሠራው ድንጋይ ላይ ነው። መንገድ፥ ድልድይና የውሃ ግድብ የሚሠሩ መሐንዲሶች ይህን ድንጋይ ወደ መመርመሪያ ቤት (ላቦራቶሪ) ወስደው የሚፈትኑት ስለዚህ ነው። ፈተናው እንዴት እንደሚደረግ፥ ከፈተናው የሚገኘውም ቍጥር ምን ያህል እንደሚታመን መምህራንና ሽማግሌዎች ቢያውቁት ይጠቅማል፤ መንገድ ሲቀየስ፥ ትምህርት ቤትም ሊሠራ ሲታሰብ፥ ስለ ቦታው ጠባይ የሚጠየቁት እነርሱ ናቸውና። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

በሬኮም ሆነ በሌላው የጌዴኦ አገር ለሚያስተምር መምህር ይህ ነገር በመጀመሪያ ሩቅ ሊመስለው ይችላል። ከዲላ ተነሥቶ በይርጋ ጨፌ በኩል ወደ ደቡብ ለሚሄድ ሰው የሚታየው ድንጋይ አብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው፤ እንሰቱንና ቡናውን የሚያበቅለው ቀይ አፈርም የዚሁ ድንጋይ ብስባሽ ነው። የጥንት ሰዎች በቱቱ ፈላና በጨልባ ቱቱቲ ያቆሟቸው፥ በ2023 ከጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ጋራ በዓለም ቅርስ መዝገብ የገቡት ሐውልቶችም ከእሳት ወለድ ድንጋይ የተጠረቡ ናቸው። ነገር ግን ከእሳተ ገሞራ አመድ የተጋገረው ድንጋይ ራሱ ብዙ ጊዜ ንጣፍ ስላለው፥ እዚህ የምንናገረው ነገር እርሱንም ይነካል። ደግሞም ከጌዴኦ በስተምሥራቅ ወደ ባሌ ሲኬድ የኖራ ድንጋይ አገር ይገኛል፤ የዌብ ወንዝ ውስጥ ለውስጥ የሚያልፍበት የሶፍ ዑመር ዋሻ በዚሁ ድንጋይ የተቦረቦረ ነው። ከዚያ ወደ ኦጋዴን፥ በሌላውም ወገን በአባይ ሸለቆና በትግራይ፥ ድርብርብ ድንጋይ ሰፊ አገር ይዟል። የአገራችን ትልልቅ መንገዶች አንዳንዶቹ በእርሱ ላይ ያልፋሉ።

ይህ ድንጋይ የተሠራው ከደለል ነው። ወንዝ የሸረሸረውን አፈር፥ አሸዋና ጠጠር ተሸክሞ ወደ ባሕር ወይም ወደ ሐይቅ ሲገባ ኃይሉ ይደክማልና የተሸከመውን ያስቀምጣል፤ ከባዱ ጠጠር ቀድሞ፥ አሸዋው ቀጥሎ፥ ደቃቁ ጭቃ በመጨረሻ ይሰፍራል። መምህሩ ይህን ለተማሪዎቹ ለማሳየት ቢፈልግ፥ በጠርሙስ ውስጥ አፈር፥ አሸዋና ጥቃቅን ጠጠር ከውሃ ጋራ አድርጎ በኃይል ከነቀነቀው በኋላ ቢያስቀምጠው ይበቃዋል፤ እስከ ማግሥቱ ድረስ ንጣፎቹ ተለይተው ይታያሉ። በባሕር ውስጥ ደግሞ የቀንድ አውጣና የሌሎች እንስሳት ቅርፊት እየተከማቸ የኖራ ድንጋይ ይሆናል፤ ባሕሩ በፀሐይ ሲደርቅ ጀሶና ጨው ይቀራል። በብዙ ሚሊዮን ዓመት ውስጥ የላይኛው የታችኛውን እየተጫነ፥ ውሃውም እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ማዕድን እያገባበት፥ ደለሉ ድንጋይ ይሆናል። ነገር ግን የተቀመጠበት ሥርዓት አይጠፋም። በአንዱና በሌላው ንጣፍ መካከል ያለው መጋጠሚያ እንደ መጽሐፍ ቅጠሎች መካከል ሆኖ ይቀራል፤ የድንጋዩም ድካም በዚያ ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል።

ይህን በአንድ ቦታ ተገልጦ ለማየት የሚሻ ሰው ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደውን መንገድ ይሂድ። መንገዱ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል እየተጠማዘዘ ወደ አባይ ወርዶ እንደ ገና ይወጣል፤ ከአፋፉ እስከ ወንዙ ያለው ቁልቁለት ከአንድ ሺሕ ሜትር ይበልጣል። ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ። ከእርሱ በታች፥ በየስፍራው ከሚገኘው የላይኛው የአሸዋ ድንጋይ ቀጥሎ፥ የኖራ ድንጋይ እንደ ግንብ ቆሞ ይታያል፤ ውፍረቱ አራት መቶ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ በታች ሊቃውንቱ በከተማይቱ ስም «የጎሐ ጽዮን ንብብር» ብለው የሚጠሩት፥ ጀሶ፥ የጭቃ ድንጋይና ቀጫጭን የኖራ ድንጋይ እየተፈራረቁ የተጋገሩበት ክፍል አለ። ከሁሉ በታች፥ በወንዙ አጠገብ፥ ቀላ ያለው የአሸዋ ድንጋይ ይገኛል። ይህ የታችኛው ድንጋይ በትግራይ ካለው የዓዲግራት ድንጋይ ጋራ አንድ ዘር ነው። የዓዲግራትንና የሕንጣሎን ድንጋይ በስማቸው ለይቶ በመጽሐፍ የጻፈው፥ በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋራ ወደ መቅደላ የመጣው ብላንፎርድ የተባለ የምድር ጥናት ሊቅ ነበር። የአባታችን የአቡነ የማታ ጎሕ ቤተ ክርስቲያን በገርዓልታ የተፈለፈለው በዚሁ በአሸዋው ድንጋይ ውስጥ ነው፤ የፈለፈሉት ሰዎች መመርመሪያ ቤት ባይኖራቸውም የድንጋዩን ንጣፍ በእጃቸው ያውቁት ኖሯል።

እንግዲህ ወደ መመርመሪያ ቤቱ እንግባ። በመጀመሪያ ድንጋዩ ከምድር ውስጥ በመሰርሰሪያ መኪና ይወጣል። የመሰርሰሪያው አፍ በአልማዝ ፍርፋሪ የተሾመ ቀለበት ስለ ሆነ፥ ሲዞር ዙሪያውን ይቈርጥና መካከሉን እንደ በትር ሙሉ አድርጎ ያወጣዋል። የተለመደው በትር ውፍረቱ 54 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚህ በትር ርዝመቱ የውፍረቱ ሁለት እጥፍ ተኩል የሚሆን ቁራጭ ይወሰድና ሁለቱ ጫፎቹ እንደ መስተዋት ይለሰልሳሉ። ይህ ማለስለስ ለጌጥ አይደለም፤ ጫፉ አባጣ ጎባጣ ከሆነ ሸክሙ በአንድ ነጥብ ላይ ይወድቅና ድንጋዩ ከጉልበቱ በታች ይሰበራል፤ መርማሪውም ጽኑውን ድንጋይ ደካማ ብሎ ይጽፈዋል።

ከዚህ በኋላ ቁራጩ በመጭመቂያው መኪና በሁለት የብረት ሰሌዳዎች መካከል ይቆማል። ሸክሙ ቀስ በቀስ እየተጨመረ፥ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ድንጋዩ እስኪሰበር ድረስ ይጫናል። በፍጥነት የተጫነ ድንጋይ ከእውነተኛው ይልቅ ጠንክሮ ይታያልና ፍጥነቱም ሥርዓት ተሠርቶለታል። የተሰበረበት ሸክም በቁራጩ ፊት ስፋት ሲካፈል ጥንካሬው ይገኛል። ለምሳሌ 54 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው በትር የፊቱ ስፋት 23 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በ13,800 ኪሎ ሸክም ቢሰበር ጥንካሬው በካሬ ሳንቲ ሜትር 600 ኪሎ ነው ይባላል። ተማሪዎች ይህን ሒሳብ በማካፈል ትምህርት ጊዜ ሊሠሩት ይችላሉ። ለማነጻጸር ያህል፥ የአሸዋ ድንጋይ በካሬ ሳንቲ ሜትር ከ200 እስከ 1,700፥ የኖራ ድንጋይ ከ300 እስከ 2,500፥ የጭቃ ድንጋይ ከ50 እስከ 1,000 ኪሎ ሊሸከም ይችላል። በእነዚህ ቍጥሮች መካከል ያለውን ርቀት አንባቢ ልብ ይበል። የድንጋዩን ስም ብቻ ሰምቶ ጥንካሬውን መገመት ከንቱ መሆኑን ይህ ብቻ ያስረዳል።

ድንጋይ ሲጫኑት ይጸናል፤ ሲስቡት ግን ደካማ ነው። የመሳብ ጥንካሬው የመጫን ጥንካሬውን አንድ አሥረኛ ያህል፥ ብዙ ጊዜም ከዚያ ያነሰ ነው። ከበር በላይ የተጋደመ ረጅም ድንጋይ ከሥሩ በኩል የሚሰነጠቀው ስለዚህ ነው። ነገር ግን ድንጋይን በሁለት እጅ ይዞ መሳብ አስቸጋሪ ስለ ሆነ ሊቃውንት ሌላ ብልኀት አገኙ፤ እንደ ዳቦ ክብ ሆኖ የተቈረጠውን ድንጋይ በጠርዙ አቁመው ከላይና ከታች ሲጨምቁት መካከሉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሳብና ለሁለት ይከፈላል። ይህ ፈተና የብራዚል ፈተና ይባላል። ካርኔይሮ የተባለ ብራዚላዊ መሐንዲስ በ1943 ያወጣው ሲሆን፥ የነገሩ መነሻ በሪዮ ዴ ጃኔሮ አዲስ ጎዳና ሲቀየስ በመንገዱ ላይ የተገኘችውን አንዲት ቤተ ክርስቲያን በሲሚንቶ ከበሎች ላይ አንከባሎ ወደ ሌላ ስፍራ ለማዛወር የታሰበው አሳብ ነበር። ከበሎቹ ስንት እንደሚሸከሙ ሲፈተኑ ይህ አዲስ መንገድ ተገለጠ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ግን ሳትዛወር ፈረሰች፤ ፈተናው ቀረ።

እስካሁን የተነገረው ለማንኛውም ድንጋይ ይሆናል። ድርብርቡን ድንጋይ ከሌላው የሚለየው ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ እርሱም «ከየት ወገን ተጫነ?» የሚል ነው።

የጌዴኦ ሰው ይህን ከእንሰት ግንድ ሊረዳው ይችላል። የእንሰት ግንድ የቅጠል ልባሶች እየተደራረቡ የሠሩት ነው፤ በአግድም ለመቍረጥ ስለታም ነገርና ጉልበት ያሻል፤ ከላይ ወደ ታች ለመላጥ ግን እጅ ይበቃል። የማገዶ እንጨትም እንዲሁ ነው፤ ፈላጩ ምሳሩን በጅማቱ አቅጣጫ ያሳርፋል እንጂ በአግድም አይታገልም። ድርብርብ ድንጋይም ቀላሉን መንገድ በውስጡ ይዟል።

ከአንድ ድርብርብ ድንጋይ በልዩ ልዩ አቅጣጫ ብዙ በትሮች ተሰርስረው ወጡ እንበል። በመጀመሪያው በትር ንጣፎቹ እንደ ተደራረበ እንጀራ ጋደም ብለዋል። ሸክሙ ከላይ ሲመጣ አንዱን ንጣፍ በሌላው ላይ ያጣብቀዋል እንጂ አያንሸራትተውም፤ ስለዚህ ድንጋዩ ጽኑ ሆኖ ይገኛል። በሁለተኛው በትር ንጣፎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ሸክሙ እንደ ተሰለፉ ምሰሶዎች ያገኛቸዋል፤ በመጨረሻ ቢሰነጣጠቁም ሊንሸራተቱ አይችሉምና ይህም በትር ብዙ ይሸከማል። በሦስተኛው ግን ንጣፎቹ አጋድለዋል። አሁን ሸክሙ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ በከፊል ንጣፉን ያጣብቃል፥ በከፊል ደግሞ የላይኛውን በታችኛው ላይ ቁልቁል ይገፋል። የሚገፋው ኃይል መጋጠሚያውን ከያዘው ሙጫና ከሰበቃው በበለጠ ጊዜ በትሩ በዚያው መጋጠሚያ ላይ ይቈረጣል። የድንጋዩ ፍሬ ራሱ ሳይሰበር፥ መጋጠሚያው ብቻ ይለቃል።

ከሁሉ የከፋው ዝንባሌ ንጣፉ ከአግድም 60 ዲግሪ ያህል ሲያጋድል ነው። የዚህም ምክንያት እንዲህ ነው፤ ዝንባሌው ትንሽ ሲሆን ግፊቱ ትንሽ ነው፤ ዝንባሌው እጅግ ሲበዛ ደግሞ ሸክሙ በመጋጠሚያው አጠገብ ያልፋል እንጂ በእርሱ ላይ አይገፋም። በመካከል ግን ግፊቱ በርትቶ ማጣበቁ የሳሳበት ቦታ አለ። ለማስረዳት ብቻ ቍጥር ብናስቀምጥ፥ በተጋደመ ንጣፍ 800፥ በቆመው 700 ኪሎ በካሬ ሳንቲ ሜትር የሚሸከም ድንጋይ፥ በ60 ዲግሪ ሲያጋድል 250 ብቻ ሊሸከም ይችላል። የጸናውና የደከመው አቅጣጫ ልዩነት ሁለት እጥፍ፥ ሦስት እጥፍ፥ በአንዳንዱም ድንጋይ ከዚያ በላይ ይሆናል። ይህን በሒሳብ አስተካክሎ ያስረዳው በ1960 ጄገር የተባለ የአውስትራልያ ሊቅ ነው። የሒሳቡ ሥር ግን ከእርሱ ብዙ ይቀድማል፤ ኩሎም የተባለ የፈረንሳይ የጦር መሐንዲስ በ1773 ለፓሪስ አካዳሚ ባቀረበው ጽሑፍ፥ ድንጋይ እንዳይንሸራተት የሚይዙት ነገሮች ሁለት መሆናቸውን አስቀድሞ ተናግሯል፤ አንዱ ሙጫው፥ ሁለተኛው ሰበቃው ነው። ሙጫው ሸክም ቢኖርም ባይኖርም ያው ነው፤ ሰበቃው ግን ሸክሙ ሲበዛ ይበዛል።

እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ለመለካት ድንጋዩ በሁለት ክፍል በተሠራ የብረት ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ መጋጠሚያውም በሣጥኑ ስንጥቅ ትክክል ይደረጋል። ከላይ የታወቀ ሸክም ይጫንበትና የላይኛው ሣጥን ወደ ጎን ይገፋል። ሸክሙን እየለዋወጡ ይህን ሦስት አራት ጊዜ መደጋገም ያስፈልጋል። በእኔ አሳብ ለድርብርብ ድንጋይ ከመጭመቂያው ይልቅ ይህ ፈተና ይበልጣል፤ ምክንያቱም ተራራ ሲናድ ብዙ ጊዜ የሚለቀው የድንጋዩ ፍሬ ሳይሆን መጋጠሚያው ነውና።

ሌላም ቀላል መሣሪያ አለ። ሁለት የሾሉ ብረቶች ድንጋዩን ከላይና ከታች ነክሰው እስኪሰበር ይጫኑታል፤ ትንሽ ስለ ሆነ እስከ ተራራው ድረስ በመኪና ሊወሰድ ይችላል፤ ያልተስተካከለ ቁራጭም ይቀበላል። የሚገኘው ቍጥር በሃያ ወይም በሃያ አምስት ሲባዛ የመጫን ጥንካሬውን በግምት ያሳያል። ድርብርብ ድንጋይ ሲሆን አንድ ጊዜ በንጣፉ ላይ፥ አንድ ጊዜ በንጣፉ አቅጣጫ ይፈተናል፤ የሁለቱ ልዩነት የድንጋዩን አድልዎ ይገልጣል።

ከአቅጣጫው ቀጥሎ የድርብርብ ድንጋይ ጠላት ውሃ ነው። የአሸዋ ድንጋይ ውሃ ሲጠግብ ጥንካሬው ይቀንሳል፤ ጭቃ ያለበት ድንጋይ ግን ከመቀነስ አልፎ ይፈርሳል። የጭቃው ቅንጣቶች ውሃ ጠጥተው ያብጣሉ፥ ሲደርቁ ይሸማቀቃሉ፤ ክረምትና በጋ በተፈራረቁ ቍጥር ድንጋዩ እየተላጠ ይሄዳል። ይህን ለመለካት ፍራንክሊንና ቻንድራ የተባሉ ሊቃውንት በ1972 አንድ ፈተና አወጡ። እያንዳንዳቸው ከ40 እስከ 60 ግራም የሚመዝኑ አሥር ቁራጮች በምድጃ ደርቀው ይመዘናሉ፤ ከዚያም ቀዳዳው ሁለት ሚሊ ሜትር በሆነ የወንፊት ከበሮ ውስጥ ገብተው፥ ግማሹ በውሃ ውስጥ ሆኖ፥ በአሥር ደቂቃ ሁለት መቶ ጊዜ ይዞራሉ። የቀረው እንደ ገና ደርቆ ይመዘናል፤ ነገሩም ሁለት ጊዜ ይደገማል። ጽኑው ድንጋይ እንደ ገባ ይወጣል፤ ደካማው ግን ጭቃ ሆኖ በወንፊቱ ያልቃል።

ይህ ፈተና ቢዘነጋ ምን እንደሚመጣ ከብዙ ዓመት በፊትም ያልታወቀ ነገር አልነበረም። በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ አጠገብ የነበረው የቅዱስ ፍራንሲስ ግድብ መጋቢት 12 ቀን 1928 በእኩለ ሌሊት ገደማ ፈረሰና ከአራት መቶ የማያንሱ ሰዎች በውሃው አለቁ። ከግድቡ ክንፍ አንዱ ያረፈበት ከጠጠርና ከጭቃ የተጋገረው ቀይ ድንጋይ፥ ደረቅ ሳለ ድንጋይ ነበረ፤ መርማሪዎች ከእርሱ ቆርሰው በውሃ ውስጥ ሲያኖሩት ግን ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች መፍረሱ የጀመረው ከሌላው ክንፍ፥ ቅጠል ቅጠል ከሚለው ድንጋይ ላይ፥ ጥንት ከተናደ ተዳፋት ነው ይላሉ። ክርክሩ እንዳለ ሆኖ፥ አንድ ኩባያ ውሃ አስቀድሞ ሊያስጠነቅቅ ይችል እንደ ነበር አያጠራጥርም።

አሁን ከሁሉ የሚከብደውን ነገር እንናገር። ወደ መመርመሪያ ቤት የሚደርሰው ድንጋይ ጉዞውን የቻለው ብቻ ነው። መሰርሰሪያው ጽኑውን ንጣፍ በበትር መልክ ያወጣዋል፤ ደካማውን ግን ይፈጨውና ከውሃው ጋራ ያጥበዋል። በሣጥኑ ውስጥ ተሰልፈው የሚታዩት በትሮች ያማሩ ናቸው፤ ከእነርሱም መርማሪው ደግሞ ቀጥ ያለውንና ያልተሰነጠቀውን ይመርጣል፤ የተሰነጠቀው ጫፉ ሊለሰልስለት አይችልምና። እንዲህ እየሆነ ከጽኑ መካከል ጽኑው ይፈተንና ቍጥሩ ስለ ተራራው ሁሉ ይነገራል። ይህን ስሕተት ለመከላከል ዲር የተባለ አሜሪካዊ በ1960ዎቹ አንድ ቀላል ሥርዓት አወጣ፤ ከተሰረሰረው ርዝመት ውስጥ፥ ከአሥር ሳንቲ ሜትር የማያንሱት ቁራጮች ርዝመት ተደምሮ በመቶ ስንት እንደሆነ ይጻፋል። አሥር ሜትር ተሰርስሮ ረጃጅሞቹ ቁራጮች አራት ሜትር ብቻ ከሆኑ፥ 40 በመቶ ይባላል። በትሩ የቱንም ያህል ጽኑ ቢሆን፥ የጠፋው ስድሳ በመቶ ምን እንደ ነበረ መጠየቅ ግድ ነው።

የጠፋው ንጣፍ ምን ሊያደርግ እንደሚችል በሰሜን ኢጣልያ በቫዮንት ታይቷል። ጥቅምት 9 ቀን 1963 ሌሊት፥ 262 ሜትር ከፍታ ካለው ግድብ ኋላ ከሚገኘው ተራራ ጎን 260 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ድንጋይ በአንድ ጊዜ ተንሸራቶ ሐይቁ ውስጥ ገባ። ውሃው ከግድቡ በላይ ዘሎ ሎንጋሮኔንና ሌሎች መንደሮችን ጠረገ፤ ሁለት ሺሕ ያህል ሰው ሞተ። ተራራው የኖራ ድንጋይ ነበር፤ በመጭመቂያ ቢፈተን የሚያሳፍር ድንጋይ አልነበረም። በንጣፎቹ መካከል ግን ቀጫጭን የጭቃ ንጣፎች ነበሩ፤ ተራራው የተንሸራተተው በእነርሱ ላይ ነው። ከአደጋው በኋላ እንኳ ጭቃ የለም ያሉ ነበሩ፤ መኖሩ በሚገባ የተረጋገጠው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የዓለም አቀፍ የድንጋይ መካኒክስ ማኅበር በሳልዝቡርግ የተመሠረተው ከዚህ አደጋ አንድ ዓመት ቀድሞ በ1962 ሲሆን፥ መሥራቹ ሊዮፖልድ ሙለር የዚያው ግድብ አማካሪ ነበሩ። ግድቡ ራሱ ሳይፈርስ እስከ ዛሬ ቆሟል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ በአባይ ሸለቆ ያለው ነገር ከዚህ ጋራ የሚዛመድ ነው። የላይኛው የኖራ ድንጋይ ስንጥቅ ስላለው የክረምቱን ዝናብ ወደ ውስጥ ያሳልፋል። ውሃው ከጭቃው ድንጋይ ሲደርስ ማለፍ ያቅተውና በመጋጠሚያው ላይ ወደ ጎን ይፈሳል፤ በተዳፋቱ ላይ ምንጭ የሚታየው በዚህ ስፍራ ነው። የጭቃው ድንጋይ እየላላ፥ ጀሶውም በውሃ እየሟሟ ሲሄድ፥ ከላይ ያለው ግንብ ሥሩ ይከዳዋል። ከላይ የተናደው ፍርስራሽ በተዳፋቱ ላይ ተከምሮ እርሱም በተራው በክረምት ይንቀሳቀሳል። አዲስ አበባን ከደብረ ማርቆስና ከጎጃም ጋራ የሚያገናኘው መንገድ በዚህ ሁሉ ላይ ያልፋል፤ በየጊዜው እየሰመጠና እየተሰነጠቀ መጠገን ግድ የሆነበት በዚህ ምክንያት ነው። በወንዙ ላይ በ2008 በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ የተከፈተው የኅዳሴ ድልድይ 303 ሜትር ርዝመት አለው፤ ወደ እርሱ የሚያደርሰው ተዳፋት ግን ካልተጠበቀ የድልድዩ ጽናት ብቻውን መንገደኛውን አያሻግረውም። ስለዚህ ከ2010 ጀምሮ የጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ድርጅት (ጃይካ) ከኢትዮጵያ የጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት ጋራ ሆኖ የሸለቆውን የመሬት መንሸራተት አጥንቷል።

እንዲህ ባለ ቦታ «የዚህ ተራራ ድንጋይ ጥንካሬው ስንት ነው?» ብሎ አንድ ቍጥር መጠየቅ አይገባም። የኖራው ድንጋይ የራሱ ቍጥር አለው፤ የጭቃው ድንጋይ ደረቅ ሳለ አንድ፥ ሲርስ ሌላ ቍጥር አለው፤ መጋጠሚያቸውም ሦስተኛ ነገር ነው። ከሦስቱ የተራራውን ዕድል የሚወስነው ደካማው ነው። ንጣፉ ወደ ተራራው ውስጥ ያጋደለ እንደ ሆነ ተዳፋቱ ይጸናል፤ ወደ መንገዱ ያጋደለ እንደ ሆነ ግን፥ መንገድ ለማውጣት እግሩ ሲቈረጥ የሚደግፈው ነገር ይታጣል። በአንድ ሸለቆ ግራና ቀኝ፥ ድንጋዩ አንድ ሆኖ ሳለ፥ አንደኛው ዳር ሲናድ ሁለተኛው ጸንቶ የሚኖርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

መምህሩ ከዚህ ሁሉ ያለ መኪና ሊሠራው የሚችለው ጥቂት አይደለም። የግንብ ድንጋይ ሲመረጥ፥ ከያንዳንዱ ዓይነት ሦስት ቁራጭ ወስዶ በፀሐይ በደንብ ያድርቅ፥ ይመዝን፥ አንድ ሌሊት በውሃ ውስጥ ያሳድር፥ ከዚያ እንደ ገና ያድርቅ። ይህን አምስት ጊዜ ደጋግሞ በየጊዜው ከባልዲው ሥር የቀረውን ጭቃና የቁራጩን ክብደት በመዝገብ ቢጽፍ፥ የትኛው ድንጋይ ክረምትን እንደሚችል በሚገባ ይታወቀዋል። ለተማሪዎቹም የሚዛንና የመቶኛ ትምህርት ይሆናቸዋል። ግንበኛው ደግሞ ድርብርቡን ድንጋይ በግድግዳው ውስጥ ሲያኖር በተፈጥሮ እንደ ተኛ ያስተኛው እንጂ ንጣፉን ወደ ውጭ አዙሮ አያቁመው፤ የቆመ ንጣፍ ዝናብ ሲመታው እንደ ሽንኩርት ይላጣል።

የሽማግሌዎች ድርሻ ሌላ ነው። ምንጩ የሚፈልቅበት የተዳፋት መስመር፥ በየትኛው ዓመት ክረምት መሬቱ እንደ ተሰነጠቀ፥ የቱ ዛፍ ቀጥ ብሎ በቅሎ በኋላ እንዳጋደለ፥ እነዚህ ነገሮች በማንኛውም መኪና አይለኩም። መሐንዲስ ወደ ቀበሌው ሲመጣ ሳይጠየቁም ቢናገሩ መሰርሰሪያው የት መቆም እንዳለበት ያሳዩታል።

ድንጋይ ወደ መመርመሪያ ቤት የሚላክ ከሆነም፥ ከቦታው ከመነሣቱ በፊት ወደ ሰማይ የነበረው ፊቱ በቀለም ይመልከት፤ የቁልቁለቱም አቅጣጫ በቀስት ይሣልበት። በተነሣ ቀን እርጥበቱ እንዳይወጣ በላስቲክ ተጠቅልሎ በሰም ይታሸግ። ከላዩ ላይ ቀኑ፥ የቦታው ስም፥ ከመሬት በታች ስንት ሜትር ላይ እንደ ተገኘ ይጻፍበት። ከአጠገቡ የነበረውና ሲነሣ የፈረሰው ለስላሳው ጭቃ ደግሞ፥ እፍኝ ያህል እንኳ ቢሆን፥ በሌላ ከረጢት ታሽጎ ከእርሱ ጋራ ይላክ።